ጄኪልና ሃይድ በአንድ ብርጭቆ፦ ሁለት ፊት ያለው የሩም ኮክቴል አሠራር

በአስፈሪ ልብ ወለድ ስም የሚጠሩ ኮክቴሎች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ስማቸው እንጂ ጣዕማቸው አያስፈራም። ቀይ ማቅለሚያ ይገባባቸዋል፣ ጠርዛቸው ላይ የፕላስቲክ ሸረሪት ይንጠለጠላል፣ ሲቀመሱ ግን ያው የለመድነው ጣፋጭ ጭማቂ ናቸው። እኔ ድንጋጤው መምጣት ያለበት ከጌጡ ሳይሆን ከመጠጡ ነው ባይ ነኝ። መጀመሪያ ላይ ጨዋ ይሁን። ጠባዩ የሚቀየረው ብርጭቆው ሲጋመስ ነው።

ለዚህ የሚሆን ታሪክ አለ። ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1886 ያሳተመው የዶክተር ጄኪልና የሚስተር ሃይድ ታሪክ፣ እንዲያው ካያችሁት፣ ስለ መጠጥ ነው። አንድ የተከበረ የለንደን ሐኪም መድኃኒት ይቀምማል፣ ይጠጣል፣ ሃይድ የሚባል ክፉ ሌላ ሰው ሆኖ ይወጣል። ጭጋጋሙን ለንደንና የሐሩር አገር ሩምን ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። ያገናኛቸው ደራሲው ራሱ ነው።

ስቲቨንሰን ከልጅነቱ ጀምሮ በደረት ሕመም የተሠቃየ ሰው ነበር። የሚስማማው አየር ፍለጋ በመርከብ ፓስፊክን ሲያካልል ቆይቶ በ1889 መጨረሻ ሳሞአ ደረሰ። ከአፒያ ከተማ ወጣ ብሎ ቫይሊማ በተባለ ቦታም ቤት ሠራ። አፒያ ውስጥ በርንሃርድ ፈንክ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነበር። ዲሴምበር 3 ቀን 1894 ምሽት ስቲቨንሰን ቤቱ በረንዳ ላይ ተዝለፍልፎ ሲወድቅ ከተጠሩት ሐኪሞች አንዱ ይኸው ፈንክ ነው። ማዳን አልተቻለም፤ ደራሲው በ44 ዓመቱ አረፈ። የሐኪሙ ስም ግን ዛሬም በባር ቤት ዝርዝር ላይ አለ፤ “ዶክተር ፈንክ” የሚባል ኮክቴል አለ። የጄኪልን ታሪክ የጻፈው ሰው ሐኪም፣ በራሱ ስም የሚጠራ ቅምም መጠጥ ያለው! እንዲህ ያለ ነገር ፈልጎም አይገኝ።

የፈንክ መጠጥ በጥንቱ አሠራር ሩም የለውም። በ1921 ስለ ታሂቲ የተጻፈ አንድ የጉዞ መጽሐፍ እንደሚለው አብሲንት (አኒስ የሚባለው ቅመም ጠረን ያለው ኃይለኛ መጠጥ)፣ የሮማን ሽሮፕ፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂና ብዙ የሶዳ ውሃ ነው። ሩም የጨመሩበት ኋላ የመጡት የአሜሪካ ቲኪ ባር ቤቶች ናቸው። እነዚህ ቤቶች የተጀመሩት በ1930ዎቹ፣ የአገሪቱ የአልኮል ክልከላ ካበቃ በኋላ ሆሊውድ ውስጥ ነው። በቀርከሃና በዘንባባ ያጌጡ፣ ከመስኮት ውጪ ያለውን ዓለም የሚያስረሱ ቤቶች ነበሩ። እኔ ደግሞ ከእነሱ አሠራር ላይ ተነሥቼ ሩሙን ለሁለት ከፈልኩት። ለስላሳው ከውስጥ ይቀላቀላል፤ እሱ ጄኪል ነው። ጥቁሩና ኃይለኛው ሳይቀላቀል ከላይ ይንሳፈፋል፤ ሃይድ እሱ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለአንድ ብርጭቆ)

ወርቃማ ሩም፣ 45 ሚሊ ሊትር
ጥቁር ሩም፣ 15 ሚሊ ሊትር
አሁን የተጨመቀ ሎሚ፣ 20 ሚሊ ሊትር
የሮማን ሽሮፕ፣ 15 ሚሊ ሊትር
ኡዞ፣ አራክ ወይም አብሲንት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ (5 ሚሊ ሊትር)
የቀዘቀዘ የሶዳ ውሃ፣ 30 ሚሊ ሊትር
ብዙ የተቀጠቀጠ በረዶ፣ አንድ ዘለላ ናና፣ አንድ ረጅም ስትሮ

ሚሊ ሊትር የሚያሳይ መለኪያ ከሌላችሁ የሾርባ ማንኪያ ተጠቀሙ፤ አንዱ 15 ሚሊ ሊትር ነው። የአረቄ መለኪያችንን ግን አትመኑት። ከቤት ቤት መጠኑ ይለያያል። የልጆች ሽሮፕ መድኃኒት ይዞት የሚመጣው ምልክት ያለው ትንሽ ኩባያ፣ ታጥቦ፣ ፍጹም ጥሩ ይሠራል። ልብ ወለዱ ውስጥ ጄኪልም የሚለካው ምልክት ባለው ብርጭቆ ነው፤ እንግዶቻችሁ ፊት ብታወጡት ጨዋታው ይደምቃል።

ስለ ሩሙ ትንሽ ልበል፤ ጨዋታው ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ለጄኪል የምትመርጡት ወርቃማ፣ ቀለል ያለ፣ አፍ ላይ የማይከብድ ይሁን። የፖርቶ ሪኮ ዓይነት ሩሞች እንዲህ ናቸው። ውዱን አትግዙ፤ ሎሚና ሮማን ውስጥ ገብቶ ውድነቱ አይታወቅም። ለሃይድ ግን ተቃራኒውን ፈልጉ። በአሮጌው ዘዴ በድስት የተጣራ የጃማይካ ሩም ከጠርሙሱ ሲወጣ ጀምሮ ያለቀለት ሙዝና የበሰበሰ አናናስ ይሸታል። ስድብ አይደለም፤ የሚፈለገው እሱ ነው። የጋያናው ደመራራ ደግሞ የተቃጠለ ስኳርና የጭስ ጠረን አለው። ሁለቱም ያስኬዳሉ። ጥቁሩ ሩም አልኮሉ ከ60 በመቶ በላይ የሆነው ኃይለኛው ዓይነት ከሆነ 15 ሚሊውን ወደ 10 አውርዱት።

የሩሙን ስም ከጠርሙሱ ላይ ጻፉ ወይም ፎቶ አንሱ። ጄኪል መጨረሻ ላይ ጉድ የሠራው እዚህ ጋ ነው። (መጽሐፉ ከወጣ ከ130 ዓመት በላይ ስለሆነው መጨረሻውን ብነግራችሁ አትቀየሙኝም።) ለቅመማው የሚጠቀምበት ጨው ያልቅበታል። አዲስ ያስገዛል፤ አልሠራ ይለዋል። ደግሞ ሌላ ያስፈልጋል፤ እሱም እንደዚያው። በኋላ የሚገባው ነገር፣ የመጀመሪያው ጨው ንጹሕ እንዳልነበረና ሥራውን ይሠራ የነበረው ያ ምንነቱ ያልታወቀ ቆሻሻ እንደነበረ ነው። ሩምም እንዲሁ ነው። “ጥቁር ሩም” የሚል ጽሑፍ ያላቸው ሁለት ጠርሙሶች ጨርሶ የማይተዋወቁ ሊሆኑ ይችላሉ። የወደዳችሁትን ካልመዘገባችሁ ሁለተኛ አታገኙትም።

ሎሚው አገር ቤት ያለው ትንሹ፣ ልጣጩ ስስ የሆነው ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ትልቁን ቢጫ ትታችሁ አረንጓዴውን ግዙ። ጭማቂው በጠርሙስ የሚሸጠውን ግን እርሱት፤ ይህ መጠጥ ውስጥ መራራነቱ ጎልቶ ይወጣል።

አብሲንት በየቦታው አይገኝም፤ ውድም ነው። አዲስ አበባ ላለ ሰው ኡዞ ቅርብ ነው። እስራኤል ያላችሁ አራክ ተጠቀሙ። የሚፈለገው ያ የአኒስ ጠረን ስለሆነ ሁሉም ያገለግላሉ። መጠኑ ላይ ግን አደራ። ሲበዛ ማር ይመራል እንደሚባለው፣ ኡዞ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ካለፈ ሌላውን ሁሉ ውጦ ብቻውን ይቀራል። አንድ ማንኪያ ሲሆን ግን ጠጪው ምን እንደሆነ አያውቀውም፤ መጠጡ ትንሽ እንግዳ፣ ትንሽ የመድኃኒት ቤት ጠረን ያለው ይሆንበታል። የምንፈልገውም ይህንን ነው።

ለሶዳው አምቦ ውሃ ይሆናል። ማዕድኑ ብዙ ስለሆነ የሎሚውን ጉምዛ ጥቂት ያለዝባል፤ አምቦ ካደረጋችሁ ሎሚውን በአንድ የሻይ ማንኪያ ከፍ አድርጉ።

የሮማን ሽሮፕ

በሱቅ የሚሸጠው “ግረናዲን” አብዛኛው ስኳርና ማቅለሚያ ነው። ሌላ ከጠፋ 10 ሚሊ ብቻ አድርጋችሁ ተጠቀሙ። ቤት መሥራቱ ግን ግማሽ ሰዓትም አይፈጅም።

ሁለት ሦስት ትልልቅ ሮማን ለሁለት ለሁለት ክፈሉ። የተቆረጠውን ፊት ወደ ጎድጓዳ ሳህን ደፍታችሁ ጀርባውን በእንጨት ማንኪያ ምቱት፤ ፍሬው ይራገፋል። ነጩን ሽፋን ለቅማችሁ ጣሉ፣ ይመራል። ፍሬውን በወንፊት ላይ በማንኪያ ጀርባ እየጨፈለቃችሁ አጥሉት። ብሌንደር ካስገባችሁት ለአፍታ ብቻ አዙሩት፤ ዘሩ ከተፈጨ ጭማቂው ያንቃል።

የወጣውን ጭማቂ በብርጭቆ ለኩና ያንኑ ያህል ስኳር ጨምሩበት። በትንሽ እሳት እያማሰላችሁ ስኳሩ እስኪሟሟ ብቻ አሙቁት። አታፍሉት፤ ከፈላ የጃም ጣዕም ይይዛል፤ የትኩስ ፍሬነቱ ይጠፋል። ካወረዳችሁት በኋላ ጥቂት ሎሚ ጠብ አድርጉበት። በንጹሕ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆያል።

የሮማን ወቅት ካልሆነ ከርከዴ አለ። አንድ እፍኝ የደረቀ ከርከዴ በሁለት ብርጭቆ ውሃ አምስት ደቂቃ አፍሉት፣ ሩብ ሰዓት ይዘፍዘፍ፣ አጥሉት፣ እኩል ስኳር ጨምሩበት። ጉምዛው ከሮማኑ ስለሚበልጥ ሎሚውን ወደ 15 ሚሊ ቀንሱ። እውነቱን ለመናገር እኔ ከርከዴውን ከሮማኑ አስበልጣለሁ። ደም የመሰለ ቀለም አለው፤ ሌላ ጥቅምም አለው፤ እመለስበታለሁ።

አሠራር

1. ብርጭቆውን ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት። ረጅምና ጠባብ ቢሆን ይመረጣል፤ ሰፊ አፍ ካለው ላይኛው ሩም ተንጣሎ ቶሎ ይቀላቀላል።

2. በረዶውን ቀጥቅጡ። በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላችሁ በዘነዘና ምቱት። ዱቄት እንዳታደርጉት፤ የሽምብራ ያህል ሲሆን ይበቃል። በጣም ከደቀቀ ቶሎ ሟሙቶ መጠጡን ያቀጥነዋል።

3. ሼከር ውስጥ ወርቃማውን ሩም፣ ሎሚውን፣ ሽሮፑንና ኡዞውን ጨምሩ። ሼከር ከሌለ ክዳኑ የሚጠብቅ የማር ብልቃጥ ይሠራል። ሶዳው እዚህ አይገባም። ጋዝ ያለው ነገር ተዘግቶ ከተወዘወዘ ክዳኑን አስወንጭፎ ኩሽናችሁን ቀይ በቀይ ያደርገዋል።

4. ጥቂት በረዶ ጨምራችሁ አሥር ሰከንድ ያህል አጥብቃችሁ ወዝውዙ። የሼከሩ ውጪ ላብ ሲያወጣና እጃችሁን ሲያቀዘቅዘው ደርሷል።

5. ብርጭቆውን ከፍሪዘር አውጥታችሁ ሁለት ሦስተኛውን በተቀጠቀጠ በረዶ ሙሉት። ስትሮውን አሁን፣ እስከ ታች ድረስ ስደዱት። በኋላ ልክተት ካላችሁ ላይኛውን ሩም ይዞት ይወርዳል።

6. መጠጡን እያጠለላችሁ ቅዱበት። ሶዳውን ጨምሩ። በማንኪያ አንዴ ብቻ ከታች ወደ ላይ ሳብ አድርጉት። ቀለሙ ጉም የገባበት ቀይ ይሆናል። ይህ የኡዞው ሥራ ነው፤ የአኒሱ ዘይት በአልኮል እንጂ በውሃ ስለማይሟሟ ውሃ ሲበዛበት ይደፈርሳል።

7. በረዶ ጨምራችሁ እስከ አፉ ሙሉት። ጥቁሩ ሩም የሚተኛው በዚህ በረዶ ላይ ነው።

8. አሁን ሃይድ ይግባ። የሻይ ማንኪያ ገልብጣችሁ ጫፉን በረዶው ላይ አስነኩ፤ ጥቁሩን ሩም በማንኪያው ጀርባ ላይ በቀስታ አንጠባጥቡ። ከታች ያለው ስኳር ስላለበት ይከብዳል፣ አልኮሉ ቀላል ነው፤ ካልቸኮላችሁ ከላይ ይቀራል። የምትቸኩሉ ከሆነ ሁለት ፊት የሚባል ነገር የለም፣ ቡናማ ጭማቂ ነው የምታገኙት።

9. ናናውን መዳፋችሁ ላይ አንዴ ጨብ አድርጋችሁ ከስትሮው አጠገብ ሰኩት።

ስትሮው ጌጥ አይደለም። ጠጪው ከታች ስለሚስብ መጀመሪያ የሚያገኘው ጄኪልን ነው፦ ቀዝቃዛ፣ ጎምዛዛ፣ ጣፋጭ፣ ለእናት ፊት የሚቀርብ። አፍንጫው ግን ከላይ ያለውን ይሸታል። ያ ያለቀለት ሙዝ፣ ያ ጭስ፣ ምላሱ ላይ ካለው ጋር አልገጥም ይለዋል። መጠጡ እየጎደለ ሲሄድ ጥቁሩ በበረዶው መሀል እየሰረገ ይወርዳል። ከግማሽ በኋላ በየጉንጩ ይጠነክራል። ስለዚህ ለእንግዳችሁ ስትሰጡ አንድ ነገር ብቻ ንገሩት፤ “አታማስለው።” ምክንያቱን አትንገሩት።

አንዳንድ ባር ቤቶች በባዶ የሎሚ ቅርፊት ውስጥ ኃይለኛ ሩም አድርገው እሳት ይለኩሱበታል። ቤት ውስጥ አታድርጉት። ስትሮ፣ ናናና የሰው ፀጉር ባለበት ቦታ እሳት ምን ይሠራል?

ስለ ጥንካሬውም እንተማመን። በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ያለው አልኮል ወደ ሁለት ጠርሙስ ቢራ የሚጠጋ ነው፤ ጣፋጩ ስለሚሸፍነው አይታወቅም። ዞምቢ የተባለውን ዝነኛ የሩም ኮክቴል የፈጠረው የሆሊውዱ ባር ቤት ለአንድ ሰው ከሁለት በላይ አይሸጥም ነበር። ይሄኛው ከዞምቢ ይለዝባል፣ ቢሆንም ሁለት ይበቃል። መኪና ለሚነዳ ሰው አንዱም ይብዛበታል።

ለማይጠጡ ሰዎች ወርቃማውን ሩም በቀዘቀዘ ወፍራም ሻይ፣ ኡዞውን በተፈላ የእንስላል ፍሬ ውሃ ተኩ። ከላይ ደግሞ ስኳር የሌለው፣ የሚያቃጥል የዝንጅብል ሻይ አንሳፉ። ዝንጅብሉ ሃይድን ሆኖ ይሠራል፤ አያሳፍርም።

ቀለም የሚቀይረው ብርጭቆ

ከርከዴውን የወደድኩበት ምክንያት ይህ ነው። ልብ ወለዱ ውስጥ ያለው ቅመማ መጀመሪያ ቀይ ፈሳሽ ነው፤ ዱቄት ሲገባበት ይንተከተካል፣ ወይን ጠጅ ቀለም ይይዛል፣ ቆይቶ ውሃማ አረንጓዴ ይሆናል። ይህንን በኩሽና ዕቃ እንግዶች ፊት መሥራት ይቻላል። የከርከዴ ቀለም ጎምዛዛ ነገር ውስጥ ቀይ ነው፤ ጉምዛው ሲጠፋ ወደ ወይን ጠጅ፣ ከዚያም አልፎ ወደ አረንጓዴ ያደላል።

ስኳር ያልገባበት ወፍራም ከርከዴ ሩብ ብርጭቆ ቅዱ። ጥቂት ሎሚ ጠብ አድርጉበት፤ ሲበዛ ብዙ ቤኪንግ ሶዳ ይፈጃል። ብርጭቆውን ሳህን ላይ አስቀምጡ፣ አረፋው ይገነፍላል። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በሻይ ማንኪያ ጫፍ እየቆነጠራችሁ ጨምሩ። ይጮኻል፣ ያረፋል፣ ይጠቁራል። ጩኸቱ ካቆመ በኋላ ትንሽ ጨምራችሁ ንጹሕ ውሃ ስትደባልቁበት አረንጓዴው ይወጣል። መብራት ከኋላው ብታደርጉ በደንብ ይታያል። ቤኪንግ ፓውደር አይሠራም፤ ውስጡ አሲድ ስላለው ወደ አረንጓዴ አያደርሳችሁም። ሁለቱ ቆርቆሮዎች ስለሚመሳሰሉ ጽሑፉን አንብቡ።

ሎሚ መልሳችሁ ስትጨምቁበት እንደገና ቀይ ይሆናል። ልጆች ካሉ በዚህ ጉድ ይላሉ። ይህ ግን የሚታይ እንጂ የሚጠጣ አይደለም፤ ጨው ጨውና ሳሙና ሳሙና ይላል። ትርኢቱን በአንድ ብርጭቆ አሳዩና መጠጡን በሌላ ብርጭቆ አቅርቡ።

ለስምንት ሰው

እንግዳ ሲበዛ አንድ በአንድ መወዝወዝ እጅ ያዝላል። በትልቅ ጆግ 360 ሚሊ ወርቃማ ሩም፣ 160 ሚሊ ሎሚ፣ 120 ሚሊ ሽሮፕና 30 ሚሊ ኡዞ ቀላቅሉ። ኡዞውን ከስምንት ማንኪያ ወደ ስድስት የቀነስኩት አውቄ ነው፤ ተቀላቅሎ ሲያድር ይጎላል። በረዶው በውዝወዛ ጊዜ ይጨምር የነበረውን ውሃ ለመተካት 130 ሚሊ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ። ይህ ድምሩ 800 ሚሊ ስለሚሆን ለአንድ ሰው 100 ሚሊ ትቀዳላችሁ። ከድግሱ በፊት ሦስት አራት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ቢቆይ ችግር የለውም፤ ከአንድ ቀን በላይ ግን ሎሚው ይሞታል። ሶዳውም ጥቁሩ ሩምም ጆጉ ውስጥ አይገቡም፤ እያንዳንዱ ብርጭቆ ላይ፣ ሰው ፊት፣ በቅደም ተከተላቸው ይጨመራሉ።